የጻፍኩላት ፋይል

ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ «አረብኛ አልችልም» እያልኩ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። እያደር ግን ምቾት ሆነ። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ወረቀት ሲጠይቀኝ፣ ጎረቤቴ የሰው ሐሜት ይዛ ስትመጣብኝ፣ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አቀራርቤ «ዓረቢ ሹወያ፣ ሹወያ» እላለሁ፤ ይስቁና ይተዉኛል። የሰነፈው አፌ ነው እንጂ ጆሮዬ አልሰነፈም። ስንት ዓመት ሙሉ ገበያውንና ሬዲዮውን ሲሰማ የኖረ ጆሮ እንዴት ብሎ አይገባው! ይገባኝ ነበር። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? እኔን ነው።

አገሬ ሳለሁ የመምህራን ኮሌጅ አስተማሪ ነበርኩ፤ የአፀደ ሕፃናት መምህራንን የማሠለጥን። የወጣሁት በፖለቲካ ነው። የፖለቲካውን ታሪክ ለጠየቀኝ ሁሉ አንገቴን ቀና አድርጌ አወራዋለሁ። ይኸኛውን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ የእኛ ሰዎች ልጆች የሚውሉበት ረውዳ ነበር። ሱዳኖች አፀደ ሕፃናቱን ረውዳ ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው አልነው። ከእናቶቹ ብዙዎቹ ካፉሪ ባሉት ቪላዎች ውስጥ ነው የሚሠሩት። የማለዳዋ ሃፍላ፣ ማለት ሚኒባሷ፣ እንዳታመልጣቸው ልጆቻቸውን እንቅልፍ እንኳ ሳይጨርሱ አምጥተው በር ላይ ያስረክባሉ። የምትረከባቸው ሴት ሁልጊዜ አንድ ናት።

ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። ገዳሪፍ ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ አረብኛዋ የሱዳን፣ አማርኛዋ ግን የተንጋደደ። እኔን «እትዬ» ትለኝና ወዲያው «አንቺ» ትለኛለች፤ አንቱታ የሚባል ነገር በደጇም አላለፈ። መጀመሪያ ሰሞን ደሜን ታፈላው ነበር። ስንቱ ተማሪ «መምህር» ብሎ ብድግ ይልላት የነበረች ሴት! «እትዬ፣ ያላ፣ ቁጭ በይ፣ ሻሂ ልስጥሽ» ትለኛለች፣ ንፍጡ የተንጠለጠለ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ።

ልጆቹን እንዴት እንደምትይዛቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጮኻ አታውቅም። አንዱ እናቱን ብሎ ሲያለቅስ ሮጣ አታባብልም፤ አጠገቡ መሬት ላይ ትቀመጥና የራሷን ሥራ ትሠራለች፤ ምስር ትለቅማለች፣ የተቀደደ ካልሲ ትጠግናለች። ሕፃኑ በዓይኑ ሥራውን ይከተላል፣ ቀረብ ይላል፣ አንድ ምስር ያነሳል። ልቅሶው መቼ እንዳለቀ ራሱም አያውቀው። እኔ ይህንን ነገር በኮሌጅ ሙሉ ወሰነ ትምህርት አስተምሬበታለሁ። አንድ ቀን ግን ሠርቼው አላውቅም።

ሕዝቡ መንገድ ላይ መውጣት በጀመረበት ክረምት፣ ማለቴ በሱዳን ብርድ ወራት፣ አንድ የእርዳታ ድርጅትና አንድ ኮሌጅ ተስማምተው ለስደተኛ ረውዳ መምህራት ሸሃዳ ሊሰጡ ተነሱ። ሸሃዳ የምስክር ወረቀት ነው። ስምንት ሴቶች ተመዘገቡ። እኔ ደጋፊያቸው ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላስተምራቸው፣ ክፍላቸው እየገባሁ ላያቸው፣ ፋይላቸውን ላግዛቸው። ዋናው ፋይሉ ነበር። እያንዳንዷ መምህርት አንድ ሕፃን መርጣ ወራት ሙሉ ያየችበትን ነገር ቀን እየጠቀሰች ትጽፋለች። በአማርኛ መጻፍ ተፈቅዷል፤ ተርጓሚ ወደ አረብኛ ይመልሰዋል። ከዚያ ፈታኞች ፊት ቀርባ ስለጻፈችው ትጠየቃለች።

የረውዳው ኮሚቴ ደግሞ ቁርጡን ተናገረ፤ ሸሃዳ የሌላት ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ክፍል አትገባም። ለሰባቱ ነገሩ ያን ያህል አላሰጋቸውም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ናቸው። እሷን ግን ኮሌጁ የተቀበላት በልምዷ ብቻ ነው። የአረብኛ ትምህርቷን ስድስተኛ ላይ ነው ያቆመችው፤ የአማርኛ ፊደል እንደነገሩ ትለያለች።

«እትዬ» አለችኝ አንድ ቀን፣ የአንዷን ሕፃን ፀጉር እየጎነጎነች። «ከዚህ ካስወጡኝ እኔም ካፉሪ ነው የምገባው። የሰው ሳህን አጥቤ የምኖር አይመስለኝም። ሌላ ሥራ አላውቅም።»

«አይዞሽ! እኔ እያለሁ!» አልኳት።

እኔ እያለሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በነከስኩት።

ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት ነበር! ጎማ ይቃጠላል፣ ዳቦ ይጠፋል፣ ልጆቹ በግቢያችን ጀሪካን እየደበደቡ የሰልፈኛውን መፈክር ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ስደተኛ ነንና «እሽሽ!» እንላቸዋለን። ከዚያ የሠላሳ ዓመቱ መንግሥት ወረደ። ሕዝቡ በጦር ሠራዊቱ መምሪያ ፊት፣ ቂያዳ በሚሉት ቦታ፣ ድንኳን ተክሎ ከረመ። በረመዳን መጨረሻ፣ ለዒድ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገና ሲነጋ ወታደሮች ተኩስ ከፈቱበት። እኔ ፍራሼን ከመስኮት አርቄ ወለል ላይ ተኝቼ ዋልኩ። ይህችን ልብ በሉልኝ። ያን ቀን ካርቱም ነበርኩ፤ ሌላ አገር አልነበርኩም።

ነገሩ ረገብ ብሎ፣ አዲስ መንግሥት ተቋቁሞ ኮሌጁ ሲከፈት፣ ፋይል አስረክቡ ተባለ። ሰባቱ ደብተራቸውን አመጡልኝ። እሷ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አመጣች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ደብተሬ» አለች።

እናቷ ለሱዳን ሙሽሮች የአልጋ ልብስ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት፤ ልጅቷ ከእስክሪብቶ በፊት የያዘችው መርፌ ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በግራ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ምልክቶች ተጠልፈዋል፤ ዓሣ፣ ጨረቃ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሕፃን ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው የመረጡት። ከምልክቱ ወደ ቀኝ በየቀኑ አንድ ስፌት። አረንጓዴ ከሆነ ተጫውቷል፣ አውርቷል። ቀይ ከሆነ አልቅሶ አልተወም። ቢጫ ከሆነ አልበላም። ካልመጣ ባዶ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ሁልጊዜ እየተቀመጠች የምትሰፋው ይህንን ኖሯል፤ እኔ ጥልፍ ትሸጥ መስሎኝ።

ጨርቁ መሀል ላይ ከዓሣው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ምልክት ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ነበር። አንድም ልጅ ስፌት የለውም።

«እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ቂያዳ» አለች። ከዚያ ጣቷን የቁልፉ መስመር ላይ አደረገች። «ይሄ ልጅ ከዚያ በኋላ አፉ ተዘጋ። ይመጣል፣ ይቀመጣል። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ተከተዪኝ። እዚህ ጋ።» አንዲት አረንጓዴ ስፌት። «እዚህ ጋ 'ሞያ' አለኝ።» ውኃ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴው እየበዛ ሄዷል።

አሁን ሳስበው፣ በሙያዬ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ የምልከታ መዝገብ አላየሁም። ተንበርክኬ ልስመው ይገባኝ ነበር። ያኔ ግን የታየኝ ጨርቅ ነው። የታየኝ እነዚያ የኮሌጅ ሰዎች ፊት አንዲት የእኛ ሴት ጥልፍ ስትዘረጋ፣ እነሱም እርስ በርስ ሲተያዩ ነው። ይስቁብናል አልኩ። ይስቁብኛል ማለቴ ነው።

«ይሄን ለቤትሽ አድርጊው» አልኳት። «ፋይሉን እኔ እጽፍልሻለሁ።»

«የኔ ግን እሱ ነው።»

«ሸሃዳውን ትፈልጊያለሽ፣ አትፈልጊም?»

ጨርቁን በአራት አጠፈችው። ከዚያ በስምንት።

ዓርብና ቅዳሜ ተቀምጬ ጻፍኩት። ከአገሬ ይዤው የወጣሁት የማስተማሪያ ማስታወሻ ነበረኝ። ከእሱ ላይ እየቀዳሁ አንድ ልጅ ፈጠርኩ፤ ተግባቢ፣ ጠያቂ፣ «ሁለንተናዊ ዕድገቱ አበረታች ደረጃ ላይ የሚገኝ»። አቤት አማርኛው! የተማረ ይግደለኝ አሉ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አፍንጫው የሚፈስ፣ ሱሪው የረጠበ አንድ ልጅ የለም። ቀኖቹን ደግሞ ያለፈውን ዓመት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር እያየሁ፣ ሰኞ ሰኞ እየመረጥኩ ደረደርኳቸው። ግንቦት ሃያ ስድስት፣ ሰኞ፦ «ልጁ በዛሬው ዕለት ከጓደኞቹ ጋር በግቢው ውስጥ እየተሯሯጠ ሲጫወትና ከልቡ ሲስቅ ተስተውሏል።» ጽፌ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁ።

እንዴት አላየሽውም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እላለሁ። ያ የቂያዳው ቀን በእኔ ጭንቅላት ውስጥ የዒድ ዋዜማ ነው። ለሱዳኖች በራሳቸው ቁጥር የሚጠሩት ቀን ነው። ግንቦት ሃያ ስድስት ብሎ የሚጠራው ሰው ስላልነበረ ቁጥሩን ሳየው ምንም አልመጣብኝም። እሷ ደግሞ ሳነብላት «ግንቦት የቱ ነው?» አለችኝ፤ የሐበሻ ወር ቆጥራ አታውቅ። «ይሄ ልጅስ ማነው?» አለች ቀጥላ። «ምሳሌ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው» አልኳት። ተርጓሚው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለሳቸው።

የፈተናው ዕለት ደጋፊ ነኝና በሩ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። የምትመራው በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ነጭ ቶብ የለበሰች የኮሌጁ መምህርት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ። መጀመሪያ ስለ ረውዳው ጠየቀቻት። እሷም በዚያ ቀልጣፋ አረብኛዋ መለሰች፤ ሳቁ እንኳ። «አለቀ፣ አለፈች» አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ ፋይሉን ስታገላብጥ ቆየችና አንድ ገጽ ላይ ቆመች። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«ይህን ቀን ክፍት ነበራችሁ?»

«የትኛውን ቀን?»

ቀኑን ነገረቻት። በአረብኛ፣ በእነሱ ቁጥር። እኔ ያኔ ነው የሰማሁት። አቀረቀርኩ። ሴትዮዋ ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ልጁ ሲሯሯጥ፣ ልጁ ከልቡ ሲስቅ። ከጎኗ የነበረው ወጣት መምህር እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

እዚህ ጋ ነው እኔ ልነሳ የሚገባኝ። «እኔ ነኝ» ለማለት ስንት ቃል ያስፈልጋል? በአረብኛ አንድ ቃል ነው። የገበያ ሕፃን የሚያውቀው ቃል። ግን የሌሎቹ ሰባት ፋይሎች ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል፤ ሁሉም የእኔ ፊርማ አለባቸው። ሥራዬ፣ ስሜ፣ «ዑስታዛ»፣ መምህርት፣ መባሌ፣ ሁሉም እዚያ ክምር ውስጥ ነው። ወለሉን አየሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ከመጽሐፍ ቀድቼው ነው። ቀኑን ዝም ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ይቅር በይኝ፣ እናቴ።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። በተቆጣች! ፋይሉን ዘጋችና «የራስሽ የሆነ ነገር የለሽም?» አለቻት። «በእጅሽ የሠራሽው፣ ልጆቹን ያየሽበት፣ ምንም ይሁን ምን?»

የልጅቷ እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ጨርቁን ይዛው መጥታ ነበር። አታምጪው ብያት ሳለ ይዛው መጥታለች። እጇ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ወደ እኔ ዞረች።

ራሴን ነቀነቅሁ። አይሆንም። ትንሽ ናት፤ ዝንብ የማባርር ያህል። ጨርቁ ከወጣ ያ ሁለት ጣት ባዶ ይታያል፤ እሱ ከታየ፣ እንዲህ የምታውቅ ሴት እንዴት ያንን ትጽፋለች ይላሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ይመጣል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤዋለሁ። ለክፉ ነገር ጭንቅላቴ ምን ያህል ፈጣን ነው!

«የለኝም» አለች። እጇን አወጣች።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ተመለከተች። «አንቺ ደጋፊዋ ነሽ። የምትይው ነገር አለ?»

«ዓረቢ ሹወያ፣ ሹወያ» አልኩ። ጣቶቼን እንኳ እንደለመድኩት አቀራረብኳቸው።

ውጪ ስንወጣ ኒም ዛፉ ሥር ቆመች። የማልናገረው ይኼ ነበር፣ ግን ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው። «ምን አሉሽ?» አልኳት። እንዳልሰማ ሰው! አፈር ልብላ፣ «ምን አሉሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

አየችኝ። «ወደቅሽ አሉ» አለች። «ሌሎቹን እንዳይነካ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ውይ! ለምን?» አልኩ።

«የሴትዮዋ ልጅ ቂያዳ ነው የቀረው» አለች። «ጸሐፊዋ ነገረችኝ፣ ስወጣ።» ከዚያ እንባዋ መጣ። ለራሷ አልነበረም።

ሰባቱ ሸሃዳቸውን ወሰዱ። ስማቸው ሲጠራ እናቶች እልል አሉ፤ እኔንም ወደ መድረክ ጠርተው አመሰገኑኝ፣ አጨበጨቡልኝ። እሷ ከኋላ ቆማ ታጨበጭባለች። ኮሚቴው አዘነላትና ከረውዳው አላስወጣትም፤ ፈራሻ አደረጋት። ፈራሻ ማለት የምትጠርግ፣ ሽንት ቤት የምታጥብ፣ ሻይ የምታፈላ ናት። ክፍሏን ከሰባቱ አንዷ ወሰደች።

ልጆቹ ግን ሸሃዳ ምን እንደሆነ አያውቁም። ሲያለቅሱ ከክፍል ሾልከው ኮሪደር ላይ እሷ መጥረጊያ ይዛ ካለችበት ይሄዳሉ። አዲሷ መምህርት ተናደደችና ለእኔ ከሰሰች፤ ደጋፊ ነኝ አይደል! እኔም ሄጄ «በትምህርት ሰዓት ከክፍሉ በር አካባቢ አትሁኚ፣ ትረብሺያቸዋለሽ» አልኳት። በዚህ አፌ። «ሓድር፣ እትዬ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ባልዲዋን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ረውዳው ተዘጋ፣ ተከፈተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መነጽሬን ረስቼ ስመለስ ባዶው ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጨርቁ ጭኗ ላይ ነው። አዲስ ጨርቅ ነው፣ አዲስ ምልክቶች፤ ኤሊ፣ መሰላል፣ ሐብሐብ።

«አሁን ደግሞ ማን አዘዘሽ?» አልኳት።

«ማንም» አለች። «ልጆቹ እኮ ዛሬም መጥተዋል።»

ቤቴ ስደርስ አለቀስኩ። ለሁለተኛው ዙር ምዝገባ ተጀምሮ ነበር፤ እሷን አልተቀበሏትም። ስሟ አጠገብ «ሐሰተኛ ፋይል ያቀረበች» የሚል ተጽፏል አሉ። ያ ጽሑፍ ካልተፋቀ ዕድሜ ልኳን ክፍል አትገባም። የሚፍቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ቆረጥኩ፤ ኮሌጅ ሄጄ ለሴትዮዋ እናገራለሁ። ግን በምን ቋንቋ? ስንት ዓመት ሙሉ አረብኛ አልችልም ያልኩ ሴት፣ ዛሬ ተነስቼ አቀላጥፌ ልናገር? ሌላ አስተርጓሚ ይዤ ልሄድ ደግሞ ጉዴን ለሌላ ሰው ልዘረግፍ ነው። ይህን ሁሉ አሰላሁና «ነይ፣ ኮሌጅ ሄደን አስተርጉሚልኝ» አልኳት፣ እሷኑ። ለኃጢአቴ ኑዛዜ የበደልኳትን ሴት አስተርጓሚ አድርጌ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ በቀር ማን ያደርጋል?

ንጹሕ ጥርሐዋን፣ ሻሿን፣ ተከናንባ መጣች። ሴትዮዋ ቢሮዋ ውስጥ ተቀበለችን፣ አስታወሰችን፣ ውኃ አቀረበችልን። እኔ በአማርኛ ጀመርኩ። «ያን ፋይል የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ አንድ ቃል የለችበትም። ያን ቀን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሷ የራሷ መዝገብ ነበራት፤ እንዳታሳይ የከለከልኳት እኔ ነኝ። በያት።» ቀለለኝ። እሰይ፣ ወጣልኝ አልኩ።

እሷ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። በአረብኛ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ «ያን ቀን ልብሽን ስላሳዘንን ይቅርታ ትላለች» አለች። ቆመች። ወደ እኔ አየች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግን ደጋፊዬ ስለነበረች እሷም አዝናለች» አለች። ቆመች። ወደ እኔ አየች።

«ጤናሽንም ትጠይቃለች» አለች። አሁንም ቆመች።

እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ እንባ ባቀላው ዓይኗ፣ በርኅራኄ ታየኝ ጀመር፤ እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከስንት ጊዜ ወዲህ የለም። «እንግዲህ እሷ ካለችው» አልኩ በልቤ። «ለሰባቱ ብላ ነው። እኔ እንደሆነ ተናግሬአለሁ።» አፌን ዘጋሁ።

«ጥሩ ልብ ነው ያላት፣ በያት» አለች ሴትዮዋ።

«ጥሩ ልብ አለሽ ትላለች» አለችኝ፤ ይኸኛውን ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ።

«እግዜር ይስጥልኝ በያት» አልኩ።

ወደ ጀሪፍ በምትመለሰው ሃፍላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ በመስኮቱ በኩል ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ድልድዩን ተሻገርን።

«እትዬ» አለች፣ መስኮቱን እያየች። «ያልኩት ገብቶሻል።»

ጥያቄ አልነበረም።

«ያኔም ገብቶሽ ነበር። ሴትዮዋ ገና ቀኑን ስትናገር ስታቀረቅሪ አይቼሻለሁ።»

መካድ አልቻልኩም። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ተቆጣሁ! «ታዲያ ለምን እንደዚያ አድርገሽ ተረጎምሽው?» አልኳት፣ ጥፋተኛዋ እሷ ትመስል።

«ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት» አለች። «ሦስት ጊዜ ቆምኩልሽ። አንዴ 'ላ'፣ አይደለም፣ ብትዪ ኖሮ ጨርቁን አወጣው ነበር።»

ቦርሳዋ በትንሹ ተከፍቷል፤ የታጠፈው ነጭ ጨርቅ ጠርዝ ይታያል። አሮጌው ነው፤ ዓሣው፣ ጨረቃው፣ ቁልፉ ያለበት። ረውዳው ጋ ስንደርስ ወረደች፤ የሚጠረግ ክፍል ነበራት። እኔ አልወረድኩም፤ እስከ ቤቴ ሄድኩ።